ያልተነኩት ስድስት ማይክሮስኮፖች

ጋሽ እንድሪስ ሱቄን እዘጋለሁ ብለው ሲምሉ ያለፈው ግንቦት ሦስተኛቸው ነበር። መጀመሪያ ወገባቸው የያዛቸው ጊዜ ማሉ፤ ቀጥሎ ግራ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው፤ በግንቦት ደግሞ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሸፊቃ «ከሰኔ ወዲያ ቁልፉ ያንቺ ነው» አሉ። አፍንጮ በር ላይ ግድግዳ የምጋራቸው ማኅተም ቀራጭ እኔ ነኝና ሦስቱንም መሐላ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላመንኳቸውም። ደክሟቸው እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ሆስፒታል ጥገና ክፍል ማይክሮስኮፕ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ነው ይህችን ጠባብ ክፍል የተከራዩት። አባታቸው ከወሎ መጥተው ፒያሳ ልብስ ይሰፉ ነበር። የጋሽ እንድሪስም ጣት የልብስ ሰፊ ጣት ነው፤ ቅንጣት የምታህል ብሎን በዳበሳ ያነሳል። የሚሠሩት ጠዋት ብቻ ነው። ፀሐይዋ በራፉን ለቃ ስትሄድ ዕቃቸውን በጨርቅ ይሸፍኑና ዱካ ላይ ቁጭ ይላሉ።

ዳናይት የመጣችው በዚያው በግንቦት፣ እንዲያ ተቀምጠው ሳለ ነው። ምዕራብ ቆላ ያለ አዲስ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር የላቦራቶሪ መምህርት ናት። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ስድስት ካርቶን ከታክሲ አወረደች። ጋሽ እንድሪስ አንዱን ከፈቱት። ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም።

«ልጄ፣ ይሄ አዲስ ነው እኮ! ምን ሆነ ብለሽ አመጣሽው?»

«ምንም አይታይበትም ጋሼ።»

ሌንሱን ፈትተው ወደ ብርሃን አዞሩት። ከውስጥ ሻጋታ በልቶታል። ስድስቱም እንደዚያው ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ወደኋላ የቀሩትን ዩኒቨርሲቲዎች በምርምር ከትልልቆቹ እኩል ላድርስ ብሎ ፈንድ መደበ። ማይክሮስኮፖቹ ተገዙ፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው በስሙ ፈርሞ ተረከባቸው። ከዚያ ቆለፈባቸው። አንዱ ቢሰበር ተጠያቂው እሱ ነው፤ ካልተነኩ ደግሞ አይሰበሩም። በቆላው ሙቀትና እርጥበት ሁለት ዓመት ታሽገው ሻገቱ። ሰውዬውን ሳላውቀው ሰድቤዋለሁ። ግን እኔም የምኖረው በማኅተም ነውና ሰው የገዛ ፊርማውን እንዴት እንደሚፈራ አይጠፋኝም።

ዳናይት ተማሪዎቿን ስለ ወባ የምታስተምረው ተሐዋሲውን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሳለች ነው። እስከ ሰኔ ሠላሳ መሣሪያዎቹ እንደሚሠሩ የሚያሳይ ሪፖርት ካልገባ ደግሞ የሚቀጥለው ዙር ፈንድ ለሌላ ይሰጣል።

«እኔ ደክሞኛል ልጄ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ሠርቼ ብሰጥሽስ መልሰው ሊቆልፉባቸው አይደል? አይቆልፉም ብለሽ ቃል ትገቢልኛለሽ?»

የተከፈተውን ካርቶን መልሳ ከደነችው። «አልችልም ጋሼ፤ ቁልፉ እኔ ጋ አይደለም» አለች።

ብትዋሸኝ ኖሮ ካርቶኖቿን አሸክሜ እመልሳት ነበር ብለው ኋላ ነግረውኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ደመናው በፈቀደላቸው ጠዋት ሁሉ፣ በደህናው ዓይናቸው አቀርቅረው ሠሩ። ወይዘሮ ሸፊቃ ምሳ ይዘው ይመጣሉ፤ ስለ መሐላው ትንፍሽ አይሉም።

በሰኔ አጋማሽ ዳናይት ወሰደቻቸው። በሐምሌ ደወለች። ሪፖርቱ አልፏል፤ ሁለተኛው ዙር ተፈቅዷል፤ ሌላ አሥር ማይክሮስኮፕ ሊገዛ ነው። ስድስቱ ግን ለሪፖርቱ ፎቶ በተነሱ ማግስት መጋዘን ገብተዋል። ጋሽ እንድሪስ ስልኩን ዘግተው «በከንቱ ዓይኔን ጨረስኩ» አሉ። ያን ቀን ቁልፉን ለወይዘሮ ሸፊቃ ሰጡ። ዕቃቸው ውስጥ እንዳለ ሱቁ እስከ ጥር አልተከፈተም።

በጥር ዳናይት አንድ ካርቶን ታቅፋ መጣች። በሩ ተዘግቶ ብታገኘው እኔ ጋ ገባች፤ ደውዬ አስጠራኋቸው። ለካ አንዱን ማይክሮስኮፕ በራሷ ስም ፈርማ አውጥታው ኖሯል። አሁን ምስሉን የሚያጠራው ማስተካከያ ተሰብሯል። ንብረት ክፍሉ በቸልተኝነት ነው ብሎ ሊከሳት ነው፤ የብልሽቱን ምክንያት ከባለሙያ አጽፈሽ አምጪ ብሏታል።

«እኔ ላይ ከተፈረደ ከእንግዲህ ደፍሮ የሚያወጣ መምህር የለም» አለች።

ጋሽ እንድሪስ ማይክሮስኮፑን ባንኮኒዬ ላይ አድርገው አገላበጡት። የጣት ብዛት ቀለሙን ልጦታል። ጠርዙ ላይ የደም ናሙና የሚቀቡበት ወይን ጠጅ ቀለም ደርቋል።

«ስንት ተማሪ አየበት?»

«መቶ አርባ።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቀለሙን ልጥረግላቸው ብዬ ጨርቅ ባነሳ እጄን ያዙኝ። ወረቀት ሳቡና «በአገልግሎት ብዛት የተበላሸ» ብለው ጽፈው ፈረሙበት። ማስተካከያውን ሊጠግኑላት ለነገ ጠዋት ቀጠሯት።

ስትወጣ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ይቺን ቃል በማኅተም ቅረጽልኝ።»

«ሱቁን ዘግተው የለም እንዴ? ለአንድ ወረቀት ማኅተም ምን ይሠራልዎታል?»

«አምስቱ ገና መጋዘን ናቸው፤ እነሱም ይወጣሉ» አሉ። ወገባቸውን ይዘው ተነሱና ቁልፉን ከወይዘሮ ሸፊቃ ሊጠይቁ ወደ ቤታቸው አዘገሙ።