የአርባው ቀን ግዝት

ጋሽ ወልደአረጋይ የእናናየሁ ሻይ ቤት በር ላይ ብቅ ባሉ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ቀልድ አይደለም። ቤት ሙሉ ሰው ግድግዳው ላይ አፍጥጦ፣ አንዱ "በለው!" ሌላው "አቀብል እንጂ፣ ስስታም!" እያለ ሲንጫጫ ይቆይና፣ የሳቸው ጋቢ በሩ ላይ እንደታየ እናናየሁ ሪሞቱን ካለበት አፈፍ አድርጋ ጸጥ ታሰኘዋለች። ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃ ይቅረው፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ይሁን፣ ግድ የላትም። የሚያጉረመርምም የለም። አንዱ ስለ ገብሱ፣ ሌላው ስለ ውርጩ ማውራት ይጀምራል። ጋሽ ወልደአረጋይ ሻያቸውን በዝምታ ጠጥተው ይወጣሉ። ገና ጥጉን ሳይታጠፉ ጩኸቱ ከኋላቸው እንደገና ይፈነዳል።

እኚህ ሰው እንግዲህ ዕድሜያቸውን በሙሉ በኳስ አሠልጣኝነት የኖሩ የደብረ ብርሃን ልጅ ናቸው። ስንቱን ክለብ ይዘው ስንቱን ከተማ ዞረው፣ በመጨረሻ የትውልድ ከተማቸውን ቡድን ተረክበው ነበር። ሥራቸውን የተዉት ዕድሜ ገፍቷቸው አይደለም፤ ሐዘን ነው ያስተዋቸው።

አንድ የማትታጠፍ ሕግ ነበረቻቸው። ቡድኑ ለጨዋታ ሲጓዝ አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ የመጨረሻው ፊሽካ እስኪነፋ የማንም ስልክ አይከፈትም። ሁሉም ተዘግቶ በአንድ ጥቁር ቦርሳ ይሰበሰባል፤ የራሳቸውም አብሮ። "ልባችሁ ሜዳው ላይ ይሁን" ይሉ ነበር። ወደ ደቡብ በሄዱበት በአንዱ ጨዋታ ባለቤታቸው ሰርካለም ቤት ውስጥ ብቻዋን ታመመች። ባሏ ጋ ደወለች፤ ደጋግማ ደወለች። በስተመጨረሻ ጎረቤት ነው አፋፍሶ ሆስፒታል ያደረሳት። ቡድኑ አሸንፎ፣ ልጆቹ እየጨፈሩ ቦርሳው ሲከፈት፣ ጋሽ ወልደአረጋይ ስልካቸውን ከፍተው መጀመሪያ የሰሙት የዚያን ጎረቤት ለቅሶ ነበር።

ተዝካሯን እንዳወጡ ክለቡን ተሰናበቱ። መጀመሪያ ላይ ሰው ስለ ኳስ አለማንሣቱ እፎይ አሰኝቷቸው ነበር። ዓመት ሲያልፍ ግን ያ ዝምታ ይቆረቁራቸው ጀመር። ሰርካለም የሌለችበት ቤት ይሰፋባቸዋል። ሽሯቸውን ራሳቸው ሠርተው፣ ለሁለት ሰው የተገዛውን ትልቅ ብርድ ልብስ ብቻቸውን ደርበው፣ ኳስ በሬዲዮ ይሰማሉ። ተቀያሪ ሲገባ "ዘገየህ!" ብለው ይቆጣሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ከልምምድ ሜዳው በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ይቆሙና የቀድሞ ቡድናቸውን ከሩቅ ያያሉ።

መመለስ ፈለጉ። በጣም ፈለጉ እንጂ! ግን የከተማው ሰው አሠልጣኝን ደጁ ድረስ መጥቶ ይለምናል እንጂ፣ አሠልጣኝ ራሱ ሄዶ "ቅጠሩኝ" አይልም፤ ቢያንስ የሳቸው ኩራት አይልም። ስለዚህ ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ቡድኑን ሠረቀብርሃን ያዘው፤ ከልጅነቱ አንሥተው ያሳደጉት የመሐል ተጫዋቻቸው። እሱም መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ስሞ፣ ስለ ዝናብ አውርቶ ይሄዳል። ስለ ዝናብ! ከሁሉም የባሰ ይኸ ነው ያንገበገባቸው። "ናቁኝ" አሉ። "አሮጌ ነው፣ አብቅቶለታል ብለው ጣሉኝ።"

አንድ እሑድ ከሰዓት ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። ሻይ ቤቱ ገቡ፤ ቴሌቪዥኑ እልም አለ። አልተቀመጡም።

"እናናየሁ! ክፈችው!"

"ምኑን ጋሼ?"

"ምኑን ትለኛለች ደግሞ! ኳሱን ነዋ!"

በሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ አማተበ።

"ምን በደልኳችሁ?" አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ። "ሰው ገደልኩ? እንደ ለምጻም የምትሸሹኝ ምን አድርጌ ነው?"

እናናየሁ እጃቸውን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻቸውና የሽንኩርት ጆንያ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ጋሼ፣ ራስዎ አይደሉም እንዴ የገዘቱን?"

"እኔ? መቼ?"

"በእትዬ ሰርካለም አርባ፤ ድንኳኑ ውስጥ። አንዱ ሊያጽናናዎት ብሎ፣ 'ቡድኑ ይጠብቅዎታል' ሲልዎት ብድግ ብለው፣ 'ከእንግዲህ ያቺን የኳስ ነገር በፊቴ የሚያነሣ፣ ስለሷ ብሎ ደጄን የሚረግጥ፣ ሥላሴ ይፍረዱበት! ገዝቻለሁ!' አሉ። አባ ዘሥላሴም መስቀላቸውን እንደያዙ 'አሜን' አሉ። እኛስ? አገር ምድሩ አሜን አለ!"

ጋሽ ወልደአረጋይ ያን ቀን ከድንኳኑ ሸራ በቀር የሚያስታውሱት አልነበራቸውም።

"የሐዘንተኛ አፍ ነው እኮ፣ አንቺ!"

"የሐዘንተኛ ይሁን፤ አሜን ተብሎበታል።"

"ታዲያ ይኸን ሁሉ ዘመን ለምን አትነግሩኝም?"

"በምን አፋችን? ልንነግርዎ እኮ ያቺኑ ነገር ማንሣት አለብን! አሁንም ይኸው ግዝት አፈረስኩ፤ እሱ ይቅር ይበለኝ።" አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ወይ ጉድ! ንቆኛል ብለው ያማረሩበት ሰው ሁሉ ለካ ቃላቸውን ሲጠብቅላቸው ነው የከረመው። ይስቁ ወይስ ያልቅሱ? ቸገራቸው።

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ አንኮበር ወረዱ። የነፍስ አባታቸው አባ ዘሥላሴ አርጅተው እዚያ አንድ ገዳም ገብተዋል። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተግተለተለ ይወጣል። አባን ከበዓታቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አገኟቸው።

"ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ዘገየህ፣ ወልደአረጋይ።"

"ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"የክለቡ ሰዎች እዚህ ድረስ እየመጡ እግሬ ላይ ወድቀዋል። 'ግዝቱን ይፍቱልንና ሄደን እንለምናቸው' ሲሉኝ፣ 'የገዘተው ሳይለምን እኔ ምን ልፍታ? ሐዘኑ ሲወጣለት ራሱ ይመጣል' አልኳቸው።"

ለምነዋል! ጋሽ ወልደአረጋይ ልባቸው ዘለለ፤ ወዲያውም ያን በከንቱ የጠበቁትን ዘመን ሲያስቡት አንገበገባቸው።

"ሰው ልከው ቢያስጠሩኝስ ምን ነበረበት አባ?"

"እኔስ አሜን ብዬ የለ? ግዝቱ እኔንም ያዘኝ እኮ።" አሉ አባ፤ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለመሆኑ የገዘትከው ማንን ነበር?" ብለው ጠየቁ።

"ራሴን ነው አባ። ስልኬን ዘግቼባት ነው የሞተችው። እሷ ስትጣራ እኔ ኳስ ላይ ነበርኩ።" አሉና ከተቀበረች ጀምሮ ያላለቀሱትን ለቅሶ አለቀሱ፤ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቁ።

አባ እስኪወጣላቸው ጠብቀው በመስቀላቸው ፈቷቸው። ስግደት አዘዙላቸው። ቀጥለውም ከቀሚሳቸው ኪስ ትንሿን ስልካቸውን አውጥተው ለደብሩ አስተዳዳሪ ደወሉ፤ ግዝት የያዘው ሕዝቡን ነውና ሕዝቡ ይስማ ብለው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግዝቱ መፈታቱ ተነገረ። አቤት የዚያን ቀን ወሬ! ሰዉ ገና ከቅጥሩ ሳይወጣ ጋሽ ወልደአረጋይን ከበባቸው። ያልተወራው የስንት የውድድር ዘመን ኳስ በአንድ ጠዋት ተዘረገፈባቸው። ማን ስንት እንዳገባ፣ ዳኛው እንዴት እንደበደላቸው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራል። ሳቁ፤ ከሰርካለም ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም።

ሳቁ ግን ቤታቸው በር ላይ አለቀ። ሰው ሁሉ አወራቸው እንጂ "ይመለሱልን" ያለ አልነበረም። እንዴትስ ይበል? ቦታው ሰው አለበት።

በሳምንቱ አመሻሽ ላይ ሠረቀብርሃን መጣ። ወንበር ቢሰጡት ቆሞ ቀረ።

"ጋሼ፣ ቦታው የእርስዎ ነው። እኔ እስኪመጡ ነው ያሞቅኩት። ለክለቡም ነግሬያለሁ፤ እለቃለሁ።"

ያ ሲጠብቁት የኖሩት ቃል ይኸው መጣ። እሺ የሚለው ቃል ከጋሽ ወልደአረጋይ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልጁን አዩት፤ ከንፈሩን ነክሷል። ሥራውን እንደሚወድ ያውቃሉ፤ በየማለዳው አይተውታል።

"ቡድን አንድ አሠልጣኝ ነው ያለው፤ እሱም አንተ ነህ" አሉ በመጨረሻ። "ምክትል ካስፈለገህ እኔ ሥራ ፈት ነኝ። ግራ ክንፍህ ግን በር እንደሌለው ቤት ክፍት ነው፣ እሱን ነገ እንዘጋዋለን።"

"ደግሞ ከየት አዩት?"

"ከባሕር ዛፉ ሥር ነዋ።"

ሠረቀብርሃን መሬት መሬት አየ። "እኛም እናይዎት ነበር ጋሼ። ለዚያ ነው ልምምዱን ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ጠርዝ አስጠግቼ የማሠራው። ከሩቅ አይታይዎት ይሆናል ብዬ።"

ጋሽ ወልደአረጋይ ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት።

የመጀመሪያው ጉዟቸው ወደ ደቡብ ሆነ። ጠዋት ከተማው ገና በጉም እንደተሸፈነ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ ጋሽ ወልደአረጋይ ከሠረቀብርሃን ኋላ፣ የምክትል ወንበር ላይ ናቸው። ወዲያው ያ ጥቁር ቦርሳ ከኋላ ጀምሮ መዞር ጀመረ። ሕጓ የሳቸው ናት፤ እሳቸው ከሄዱ በኋላም ማንም አልደፈራትም። ቦርሳው እየከበደ እየከበደ መጥቶ እጃቸው ገባ።

ሁሉም የሳቸውን ስልክ ሲጠብቅ ቦርሳውን ይዘው ተነሡ። በመተላለፊያው እየሄዱ ስልኩን ለየባለቤቱ መለሱ።

"ክፈቱት" አሉ። "ሚስታችሁ ብትደውል አንሡ። እናታችሁ ብትደውል አንሡ። ሰምታችኋል?"

ልጆቹ በድንጋጤ ተያዩ፤ ከዚያ አንድ ባንድ ከፈቱ። ጥቂት ሳይቆይ ከወዲያም ከወዲህም ስልክ ይጮህ ጀመር። አንዱ እናቱን "በልቻለሁ እኮ!" እያለ ይነጫነጫል፤ ሌላው ለሚስቱ ያንሾካሹካል።

ጋሽ ወልደአረጋይ ቦታቸው ተመልሰው የራሳቸውንም ስልክ ከፈቱ። ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን ደገፍ አድርገውበት መስኮቱን አዩ። አዲስ አበባን አልፈው ቆላው እስኪጀምር ድረስ ስልኩ እዚያው ነበር። ማንም አልደወለም።