ጋሼ እና የበጉ ሳንባ

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ ደብረ ማርቆስ ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። በየፋሲካው በጉ ሲታረድ ሳንባውን ከነቧንቧው ተቀብለው፣ መቃ ሰክተው ይነፉልን ነበር። ሟሽሾ የቆየው ሳንባ ተነፍቶ ሲነሳ እኛ ልጆቹ እንጮሃለን።

“ሳንባ ብቻውን አይተነፍስም” ይሉናል። “ከሥሩ ድያፍራም የሚባል ጡንቻ አለ፤ እሱ ወደ ታች ሲሳብ ነው አየር የሚገባው።”

አምና የራሳቸው ሳንባ ይደድር ጀመር። ከአልጋ እስከ በር መድረስ አቃታቸው፤ ኦክስጅን በአፍንጫቸው ተሰካ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረታቸው ሲታገል አይቼ፣ “ያምዎታል፣ ጋሼ?” አልኳቸው።

“አያምም፤ ያደክማል” አሉኝ፣ በየቃሉ እያረፉ። “አየሩስ ይገባል። ትንንሾቹ ከረጢቶች ግን ጠጥረው ወደ ደሜ አያሳልፉትም። ምግብ ፊቴ ቀርቦ እንደ መራብ ነው።” ቆይተውም፣ “ለእትዬሽ እየተሻለው ነው በያት” አሉ።

ወጥቼ ለሚስታቸው ነገርኳቸው። እትዬ ከምድጃው ቀና ሳይሉ፣ “ተይ ልጄ፣ ጎኑ የምተኛው እኔ ነኝ” አሉኝ።

ጋሼ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል አረፉ። ከአርባቸው በኋላ እትዬን ልጠይቅ ብሄድ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ፊታቸው ከስቶ አገኘኋቸው።

“እንቅልፍ የለዎትም እንዴ?”

“ዓመት ሙሉ ትንፋሹን እየሰማሁ ነው የተኛሁ” አሉኝ። “ሲከብደው እነቃለሁ፣ ሲቀለው ያሸልበኛል። አሁን ምን ሰምቼ ልተኛ?”

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።