ሰባት ሰዓት ዝም ማለት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ዶሃ ውስጥ፣ አንድ የጉዞ ቢሮ ተቀምጬ ትኬት እቆርጥ ነበር። ከዶሃ አዲስ አበባ ከሁለት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ እንደሚበልጥ፣ በቀጥታ ለሚበር አራት ሰዓት እንደማይሞላ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካርታ ማስመሪያዬን አስጠግቼ ስለካ ላየኝ አብራሪ እመስላለሁ። እኔ ግን መኪና እንኳ በቅጡ መንዳት አልችልም።

ፈቃዴ ደርሶ አገር ቤት ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የአንዲት ደንበኛዬ ወንድም ከአዲስ አበባ ደወለ። ልጅቷ ከዶሃ ወጣ ብሎ አል ዋክራ ሰው ቤት ትሠራለች። እናታቸው አርፈዋል፤ ለእሷ ግን "ትንሽ አሟቸዋል፣ ነይ" ብለዋት ከማዳሟ ፈቃድ አግኝታለች። መርዶው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እቤቷ ይነገራታል። እኔ የተለመንኩት አብሬያት እንድሄድና አፌን እንድጠብቅ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው እኔን ለምስጢር መምረጡ፣ ሰው ሲያዝን ምን ያህል እንደሚሳሳት ያሳያል።

ሰዓቱን አሰላሁ። መንገድ ላይ አርፈን አውሮፕላን የምንቀይርበት ሲጨመር ሰባት ሰዓት። እኔ ተኝቼም ሰባት ሰዓት ዝም ብዬ አላውቅም።

የማዳሟ ሹፌር አውሮፕላን ጣቢያ አድርሷት ገና ከመገናኘታችን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወዲያው በረራው ሁለት ሰዓት ይዘገያል ተባለ። ሰባቱ ዘጠኝ ሆነ።

መቀመጫው እሾህ ሆነብኝ። ሻንጣዋን ተሸከምኩ። ጭማቂ ገዛሁላት፣ ቀጥሎ ሻይ፣ ቀጥሎ ያልጠየቀችውን ብስኩት። መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበር ለቀቅሁላት። ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ሄጄ ሦስቴም መስተዋቱ ውስጥ ያለውን ሽማግሌ "አደራህን" አልኩት። እናቷ ሆስፒታል ገብተው እንደሆነ ስትጠይቀኝ ስለ ቀይ ባሕር ስፋት ማብራራት ጀመርኩ። ሁለተኛ ስትጠይቀኝ ስለ ነፋስ አቅጣጫ።

ብስኩቱን ሳትከፍት ጭኗ ላይ አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ዛሬ አንዴም አልቀለዱብኝም" አለች።

እውነቷን ነው። ቢሮ በመጣች ቁጥር በፓስፖርቷ ፎቶ ሳልስቅ ለቅቄያት አላውቅም። አፌን ስጠብቅ፣ ጠባዬን መጠበቅ ረስቻለሁ። ኪሴን ፈትቼ ጭማቂ ስገዛ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ነጠላ ዘቅዝቆ መምጣት ነበረበት።

አንድ ነገር ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

"አይንገሩኝ። ወንድሞቼ እቤት ሰው ሰብስበው ይጠብቁኛል። እንዳልሰማሁ ሆኜ ልግባላቸው።"

ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበችው። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እጄን የት እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ጉልበቴ ላይ፣ ከዚያ ኪሴ ውስጥ፣ እንደገና ጉልበቴ ላይ። ቆይታ ፊቷን ጠረገችና፣ እስክንደርስ እንደ ወትሮዬ እንዳወራላት ለመነችኝ፤ ዝምታው እንደሚብስባት ነገረችኝ።

በረራው ተጠራ። ወረፋው ላይ ቆመን አንዲት ቀልድ ፈለግሁ። ዕድሜ ልኬን ያለ ልክ ስበትናቸው የኖርኩ ሰው አንዲት አጣሁ።

"ያላ፣ ጋሼ" አለችና ክንዴን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችኝ።