የቦራ እንገር

አባቴ ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ላሞቹ ነው። «ላሞችሽ እንዴት አደሩ?» ይላሉ። ልጆቼ፣ የገዛ የልጅ ልጆቻቸው፣ ተራ የሚደርሳቸው ከላሞቹ በኋላ ነው። ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት መናሔም የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ እኔ የምሠራበትን በረት እንደ ራሳቸው ከብት ይቆጥሩታል።

ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ግንባሯ ነጭ የሆነችውን ላም ነው። በረቱ ውስጥ ላም ሁሉ የሚጠራው በቁጥር ነው። እሳቸው ግን ፎቶዋን ሳሳያቸው «ቁጥር ለእስረኛ ነው፤ ይቺማ ቦራ ናት» ብለው ወሰኑ። አሁን አለቃዬም ሳይቀር ቦራ ይላታል።

ቦራ መውለጃዋ ሲደርስ አባቴን አንድ ነገር ከአፋቸው አመለጣቸው። እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ እንገር፣ ያ ላም ስትወልድ የሚታለበውን ወፍራም ቢጫ ወተት፣ ቀምሰው አያውቁም። «ሱፐርማርኬቱ ያልያዘው የለም፤ እንገር ግን የለውም» አሉ። በቃ፣ ከቦራ እንገር ላቀምሳቸው ቆረጥኩ።

ጠዋት ወለደች። ጥጃዋ ድርሻዋን ጠጣች፤ ከዚያ እኔ ገባሁ። የአባቴን ፊት እያሰብኩ አለብኳት፣ አለብኳት፣ ጠብታ እስኪጠፋ። ሁለት ጠርሙስ ለእሳቸው ፍሪጅ ውስጥ ደብቄ በራሴ ኮራሁ።

ከቀትር በኋላ ቦራ አንገቷን ወደ ጎኗ ቆልምማ ተኝታ አገኘኋት። ብለምናት፣ ብገፋት፣ ወይ ፍንክች! ሐኪሙን ጠራሁና እስኪደርስ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«ጆሮዋን ዳስሺው።»

«በረዶ ሆኗል፣ አባባ።»

«ምን ያህል አለብሻት?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«እስኪነጥፍ።»

«ወይ ጉድ! እኛ የወለደች ላም በመጀመሪያው ቀን አሟጠን አልበን እናውቃለን? ለማን ብለሽ ነው?»

የቦራን ጆሮ ማሻሸት ጀመርኩ።

«ለማን?»

«ለእርስዎ።»

እሳቸውም ስልኩን አልዘጉ፣ እኔም አልዘጋሁ።

ሐኪሙ መጥቶ አንገቷ ላይ መርፌ ሰካና ካልሲየም ቀስ እያለ ያንጠባጥብላት ጀመር። «ወተቱ ካልሲየሙን ከደሟ ይወስደዋል፤ ከአጥንቷ ቶሎ ካልተካችው ጡንቻዋ ይከዳታል» አለኝ።

«ያመጣው የእኔ ማለብ ብቻ ነው?» አልኩት፣ አይደለም እንዲለኝ እየጸለይኩ።

«ብቻ እንኳ አይደለም። ግን በደንብ አግዘሻል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የካልሲየሙ ጠርሙስ ሊያልቅ ሲል ቦራ ተንቀጠቀጠች፣ አገሳች፣ እጄ ላይ እበቷን ለቀቀችና ብድግ አለች። እሰይ! እበት ተቀብቼ በደስታ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ማታ አባቴ ቤት እንገሩን ጥጄ፣ ሲረጋ በሳህን አቀረብኩላቸው። ማንኪያውን ያዙ፤ አልነኩትም።

«ቆማለች?»

«ቆማለች።»

«ጥጃዋስ?»

«ደህና ናት።»

«ቦራስ በላች?»

ይህን አላየሁም። አለቃዬ ጋ ደወልኩ፤ ሄዶ እስኪያይልኝ እንገሩ ቀዘቀዘ። «ድርቆሽ እየበላች ነው» አለኝ፤ ነገርኳቸው።

ያኔ ማንኪያውን ሞሉና ወደ እኔ አፍ ዘረጉት። «ጉረሺ» አሉኝ፤ «አንቺም ደንግጠሻል።»