ባዶ ደብተር

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በእኛ ሰፈር ለነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በሩ ላይ በትልቁ የተጻፈ ሌላ ስም ነበረው፤ የቀጨኔ ሰው ግን ለብዙ ዓመታት «ባዶ ደብተር» እያለ ነው የጠራው። «ልጅሽ የት ነው የሚማረው?» «ባዶ ደብተር ነዋ፣ ሌላ የት ይሄዳል?» ሲባባሉ እየሰማሁ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ያለፍኩበት ቀን ብዙ ነው። ደብተሩ የእኔ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እርግጥ ከዚያ በፊትም ትምህርት ቤቱ የተመሰገነ አልነበረም። ዘመኑ የደርግ ነው። ስኳር በኅብረት ሱቅ በራሽን ይታደላል፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ስለ መንግሥት ማውራት ስለማይችል ስለ ትምህርት ቤት ያወራል። አስተማሪዎቹ ሻይ ቤት ተቀምጠው ካርታ ሲጫወቱ ይውላሉ ይባላል። ተማሪው ከበሩ ይልቅ አጥሩን ያውቀዋል ይባላል። «ድሮ ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ የዛሬዎቹ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰው ስማቸውን አጣመው ይጽፋሉ» የሚሉ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ራሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ከመንገዱ ጫፍ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴ ደግሞ የበኩር ልጃቸውን መርካቶ አጎቱ ቤት ነዋሪ ነው ብለው እዚያ አስመዘገቡት። ልጁ በየቀኑ ማለዳ አውቶቡስ ሲጠብቅ ያየ ወላጅ ሁሉ የራሱን ልጅ ያጠፋ ይመስለው ጀመር።

ሐሜቱ እውነት ነበረበት ወይ? ነበረበት። ለሦስት አንድ ዴስክ ላይ ተጣብበን፣ በፈረቃ ነበር የምንማረው። ማትሪክ ተፈትነው ያለፉት በጣት ይቆጠሩ ነበር። ግን ሐሜት ሲበዛ ለሁሉም መጠጊያ ይሆናል። ሰነፍ ተማሪ ምክንያት ፍለጋ መድከም አያስፈልገውም፤ ሰልፉ ላይ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። እኔም ያገኘሁት እዚያ ነው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ነን። ቀኑን ሙሉ እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ ይውላል። ሰው የሠራውን ኩታ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለምበታል፣ ዘወር ሲል ደግሞ «ሸማኔ» ብሎ ይሰድበዋል። ይህ ስድብ በእኔ እንዲያበቃ ነበር ምኞቱ። እንዳግዘው ወደ ድሩ ስጠጋ «ተይ፣ እጅሽ እስክሪብቶ ይልመድ» ብሎ ያባርረኛል። ዩኒቨርሲቲ እንደምገባ ከእኔ ይልቅ እሱ እርግጠኛ ነበር።

እሱ ራሱ መሠረተ ትምህርት ተምሮ የምስክር ወረቀት አግኝቷል። በቀበሌው አዳራሽ፣ ጎረቤት ሁሉ ባለበት፣ ተጨብጭቦለት ነው የተቀበለው። ወረቀቱን በመስተዋት አስገብቶ ከመድኃኔ ዓለም ሥዕል ጎን ሰቀለው። እውነቱን ለመናገር ግን ማንበብ የሚችለው የታተመ ፊደልን ነው፤ እሱንም ተለቅ ካለና ጊዜ ከሰጡት። የእጅ ጽሑፍ እንደተወሳሰበ ክር ይሆንበታል። ይህን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። እኔ ደግሞ ያወቅኩትን ተጠቀምኩበት።

ያን ዓመት አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የሒሳብ መምህራችን ከሸጎሌ በኩል በእግራቸው የሚመጡ፣ አንድ ግራጫ ኮት ያላቸው ወጣት ነበሩ። ካርታ ሲጫወቱ አይቻቸው አላውቅም። በየዓርቡ ደብተራችንን ሰብስበው ይወስዱና ሰኞ ይመልሱታል፤ በያንዳንዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ነገር ጽፈውበታል። ለዚያ ሁሉ ተማሪ! እኛ ጅሎቹ በዚህ እንስቅባቸው ነበር።

እኔ ሒሳብ ይከብደኛል። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አውጥተውኝ ጠመኔውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ፣ ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም፣ «ነገ አብረን እንሠራዋለን» ብለው አስቀመጡኝ። በማግስቱ አልገባሁም። ከዚያ በኋላ የእሳቸው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በአጥሩ ሾልኬ እወጣለሁ። የአንደኛዋ እናት ቀን ቀን ገበያ ስለሚውሉ ቤታቸው ቴፕ እየሰማን፣ ፀጉር እየተሠራራን ነበር የምናሳልፈው። ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ዓርብ የክፍል አለቃችን ደብተሬን ቀምቶ ከሌሎቹ ጋር ሰጣቸው። ሰኞ ሲመለስልኝ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች ላይ የራሴ ጽሑፍ፣ ከዚያ ባዶው ገጽ መሐል ላይ ቀይ ጽሑፍ ነበር። «ከኅዳር ጀምሮ ክፍል አትገባም። ችሎታው አላት። ወላጅ ቀርበው ያነጋግሩኝ።»

ገጹን አልቀደድኩትም። ለምን እቀደዋለሁ? አባቴ አያነበውም።

በዚያ ሰሞን ቀበሌው ስለ ትምህርት ጥራት ስብሰባ ጠራ፤ ወላጅ፣ መምህራንና ተማሪ እሑድ ጠዋት አዳራሽ እንዲገኝ ተባለ። ቅዳሜ ዕለት አባቴ ከጉድጓዱ ወጥቶ እጁን አራገፈና፣ «እስቲ ደብተርሽን አምጪ» አለኝ። የሒሳቡን አንስቶ ገልጦ ገልጦ አየው። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ፤ ቀዩን ጽሑፍ ፊርማ መስሎት አለፈው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምነው ልጄ? ይኼ ለምን አልተጻፈበትም?»

«መምህሩ አያስተምሩማ» አልኩት። «ይገባሉ፣ ወሬ ያወራሉ፣ ይወጣሉ።»

ዓይኔን እንኳ አላሸሸሁም። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚለውን ነው የደገምኩት። አባቴም ሰልፍ ላይ ሲሰማው ስለከረመ ወዲያው አመነኝ። «ለካ እውነት ነው» አለ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ። ደብተሩን እንደማይመልስልኝ ያወቅኩት እሑድ ጠዋት ኩታው ሥር ሸጉጦት ሲወጣ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መምህራኑ ከፊት አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ እኛ ተማሪዎች ከኋላ ቆመናል። ሊቀመንበሩ የተለመደውን ንግግር አድርጎ ለሂስ መድረኩን ከፈተ። ባለሱቁ ተናገሩ፣ ባልቴቷ ተናገሩ። ሁሉም የሚናገሩት በደፈናው ነበር፤ የማንንም ስም ያነሳ የለም። ያኔ አባቴ እጁን አወጣ። በስብሰባ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው።

«እኔ ንግግር አላውቅም፣ ጓዶች» አለ። «ይኼ ይናገርልኝ።» ደብተሬን አውጥቶ ገለጠና ከፍ አድርጎ ያዘው። «ልጄ ጎበዝ ናት። ይኸው የሒሳብ ደብተሯ! ባዶ!»

የገለጠው ቀዩ ጽሑፍ ያለበትን ገጽ ነበር።

አዳራሹ ተንጫጫ። የሒሳብ መምህራችን ከአግዳሚው ተነስተው መጡ። «አንዴ ልየው፣ አባቴ» ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። የራሳቸውን ጽሑፍ ቁልቁል አዩ። ከዚያ ቀና ብለው በሰው መሐል ፈልገው አገኙኝ። የምገባበት አጣሁ። አሁን ይናገራሉ፣ አለቀልኝ ስል አባቴ ቀደማቸው።

«እኔ ራሴ አንድም ሳላስቀር አንብቤዋለሁ» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ምንም የለበትም።»

መምህሩ አባቴን አዩት። ከኋላው፣ ከግድግዳው ጋር፣ የመሠረተ ትምህርት ተመራቂዎች ዝርዝር ተለጥፎ ነበር፤ የአባቴ ስም ከላይ ነው። መምህሩ ጽሑፉን ጮክ ብለው ቢያነቡት እሳቸው ነጻ ይወጣሉ። አባቴ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የተጨበጨበለት አዳራሽ ውስጥ፣ ፊደል እንደማያነብ ይታወቃል። ይህን ማሰባቸውን አየሁ። ደብተሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

«ሂሱን ተቀብያለሁ» አሉ። «ልጅዎን በሚገባ አላስተማርኳትም።»

ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈ። አባቴ ደብተሩን ተቀብሎ ሲቀመጥ ሰዎች ትከሻውን መታ መታ ያደርጉት ነበር። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ፣ እፎይ አልኩ። ከሁሉም በላይ የማፍረው በዚያ እፎይታ ነው።

በሳምንቱ ሰልፍ ላይ «ባዶ ደብተር» የሚለው ስም ተወለደ። መምህሩ ክፍል ውስጥ ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም። እኔም ከዚያ ወዲያ አልቀረሁም፤ አንገቴን ደፍቼ እገባለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ እወጣለሁ። አንዴ በዴስኬ አጠገብ ሲያልፉ «ገና ጊዜ አለሽ» አሉኝ፤ ይቅርታ ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ክፍለ ሀገር ተቀየሩ ተባለ። በዚያ ስብሰባ ምክንያት ይሁን አይሁን አላውቅም። የሰፈሩ ሰው ግን «አባረርነው» እያለ ይኮራ ነበር።

ክረምቱን አባቴ የእጅ ጽሑፍ ለመልመድ ትምህርቱን ቀጠለ። ወረቀት ውድ ስለነበር መለማመጃው የእኔ የሒሳብ ደብተር ሆነ፤ «ባዶ አይደል፣ ምን ይሠራል» ብሎ። ዝናብ ሲጥልና ብርሃን ሲያጥር ሥራውን ትቶ መስኮቱ ሥር ይቀመጥና ይጽፋል። እኔ እያየሁ እንዳላየ ሆንኩ። ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ወደዚያኛው ገጽ እየተጠጋ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። ጣቱ ቀዩ ጽሑፍ ላይ ነበር።

«ይቺን አንብቢልኝ እስቲ።»

«‹በርቺ› ነው የሚለው» አልኩት።

«በርቺ ብቻ?»

«አዎ።»

ጽሑፉን ትኩር ብሎ አየው። «ለበርቺማ ረዘመ» አለና ደብተሩን ዘጋ። እኔም ተሳካልኝ ብዬ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረም፣ አስቤ ያደረግኩት ነው።

በማግስቱ አባቴ ሥራ አልገባም። ለክብረ በዓል የሚያስቀምጠውን ኩታ ደርቦ፣ ጫማውን አስሮ በጭቃው ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ፤ እስከ ጉልበቱ ርሷል።

«የት ሄደህ ነው፣ አባዬ?»

«ትምህርት ቤት።»

«በክረምት? ማን አለ ብለህ?»

«ማንም የለም። ዘበኛው ነው ያለው። መምህሩ ርቀው ነው የተቀየሩት አለኝ።» ኩታውን ጨመቀና ሰቀለው። ከዚያ ፊቱን ሳያዞርልኝ፣ «‹ወላጅ ቀርበው ያነጋግሩኝ› ይላል» አለ። «ቀረብኩ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢመታኝ ምን ነበረበት! ወደ ጉድጓዱ ገብቶ መወርወሪያውን አነሳና እስኪመሽ ድረስ ሲያመላልስ ዋለ።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ቀበሌው እንደገና ስብሰባ ጠራ። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለማዛወር በጅምላ መሸኛ እየጠየቁ ነበርና ሊቀመንበሩ ተጨንቋል። አንዱ ተነስቶ «ባዶ ደብተር ልጄን አልሰድም!» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። አባቴ ያኔ እጁን አወጣ። የባለፈው ጀግና ስለሆነ ሰው ሁሉ ዝም አለለት።

«እኔ ግለ ሂስ አለኝ» አለ። «ያን ዕለት አንብቤዋለሁ ብዬ ነበር። አላነበብኩትም። የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም ነበር። መምህሩ እዚያው ደብተር ላይ በእጃቸው ጽፈውልኝ ነበር፤ እኔ ሳላውቅ እሱኑ ገልጬ አሳየኋችሁ። አይተው እንዳያዋርዱኝ ብለው ዝም አሉ። ሰውዬው ጥፋት የለባቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከዚያ ከመሐል አንዱ «የምስክር ወረቀቱን ይመልሳ!» አለ፤ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ። ባልቴቷ እንኳ ሳቁ። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ምን እንደተጻፈ አልተናገረም። ስሜን አልጠራም። ወደቆምኩበትም አልዞረም። ሲቀመጥ ኩታውን አስተካከለና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ።

«ሌላ ግለ ሂስ ያለው አለ?»

ትንሽ ጠበቀ። እጄን አላወጣሁም።