ያበጠው ጀሪካን

እህቴ ያለ እናታችን ፈቃድ ሞጣ ካገባች ወዲህ እናቴ አንድም ቀን ደጇን አልረገጠችም። እህቴ ወልዳ የልጁ ክርስትና ሲደርስ ግን ማንም ሳይለምናት ጠላ ጠመቀች። ቢቸና መናኸሪያ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል፣ «መንገድ ላይ ከፈሰሰ ፈጣሪ አልፈቀደውም ማለት ነው፤ ከዚያው እመለሳለሁ» አለችኝ።

ጠላው የዘይት በነበረ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነው። ማሰሮ ቢሆን በዚያ ኮረኮንች መንገድ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ያበቃለት ነበር፤ ጀሪካን ግን ወድቆም አይሰበርም፣ ለሸክምም ይቀላል። እናቴ ያላሰበችው ሌላ ነገር ነው። የማሰሮ አፍ በቅጠል ስለሚወተፍ ይተነፍሳል። እሷ ግን ጠብ እንዳይል ብላ የጀሪካኑን ክዳን ባላት ጉልበት ሁሉ ጠምዝዛዋለች፤ ጠላው ደግሞ መፍላቱን ገና አልጨረሰም።

ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ጀሪካኑ በጉልበቶቼ መካከል ያብጥ ጀመር። ጎኑ ተወጠረ፤ ቂጡም ስለተነፋ አልቆም ብሎ ይንገዳገዳል። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ክዳኑን ትንሽ ላላላው።»

«ቄሱ ሳይባርኩት ማን ይከፍተዋል? አርፈሽ ተቀመጪ!»

እንዴት አርፌ እቀመጣለሁ? ጠርሙስ ቢሆን እስካሁን ፈንድቶ ነበር፤ ደጉ ፕላስቲክ እየተለጠጠ ጊዜ ሰጠኝ። ግን እስከ መቼ? በእናቴ ግትርነት፣ ሳትጠይቅ ባገባችው እህቴ፣ በሚያዘግመው ሾፌር፣ በሁሉም ተናደድኩ።

ከደብረ ወርቅ እንደወጣን እናቴ ሸለብ ሲያደርጋት ክዳኑን ቀስ ብዬ ፈታ አደረግሁት። አረፋው ፍሽሽ ብሎ ተስፈንጥሮ ነጠላዋንና ፊቷን አለበሰው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። የጀሪካኑ ጎን ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አብዛኛው ጠላም ውስጡ ቀረ። መፍሰሱ ግን ፈስሷል።

«ወራጅ አለ?» ብሎ ረዳቱ ጮኸ።

አውቶቡሱ ቆመ። እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። እናቴ እጇን አስለቅቃ ፊቷን ጠረገች፤ ለመንገድ የያዝነውን ዳቦ አውጥታ ባዶውን ፌስታል ሰጠችኝ።

«አፉን በዚህ ላላ አድርገሽ እሰሪው። ይተንፍስ።»

«አትወርጂም?» አልኳት።

«እንዲህ ተነክሬ የት ልሄድ? ልጄ ቤት ደርሼ ልታጠብ እንጂ።»

እህቴን «ልጄ» ስትል ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ነበር።