የጠላት ከተማ

ጉርድ ሾላ እንደ ዛሬው በፎቅ ሳትታጠር፣ እኔም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ መብራት የጠፋበት ምሽት ለእኛ ለግቢው ልጆች በዓል ነበር። ያኔ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ ሆነን እንኖር ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል የተከራዩት ጋሼ ኪዳነ ናቸው። ጋሼ ኪዳነ ከትግራይ የመጡ፣ ቀን ቀን አስፋልቱ ዳር ጎማ የሚጠግኑ፣ ሲራመዱ ግራ እግራቸውን ሳብ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። መብራት ሲጠፋ ደጃፋቸው ላይ ከሰል ያቀጣጥላሉ፣ ፋኖሷን ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ ከዚያ በቆሎ እየጠበሱ ያወሩልናል። ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም የሚነሳ ልጅ አልነበረም።

መጀመሪያ የሚያወሩልን የጅብና የአህያ ተረት ነበር። በኋላ በልመና በወጣትነታቸው የተዋጉበትን የጦርነቱን ወሬ አስለመድናቸው። ከሁሉ የምወደው የመጨረሻውን ቀን፣ የጠላት ዋና ከተማ የተያዘችበትን ነበር። ዓመታት በእግራቸው ተጉዘው፣ ጓደኞቻቸውን በየተራራው ቀብረው፣ አንድ ማለዳ ከከተማዋ ጫፍ ይደርሳሉ። ታንኩ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ። መሬቱ ይንቀጠቀጣል። «ከዚያማ…» ይሉና በቆሎውን ያገላብጡታል፤ ፍሙ ይንጣጣል፤ እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። «ከዚያማ ገባን!»

እኔ ያቺን ከተማ በደንብ አውቃት ነበር። ዙሪያዋን የድንጋይ ግንብ አላት፣ በሯ ብረት ነው፣ ሰዎቿ እንደ ስልክ እንጨት የረዘሙ፣ ፊታቸው የማይታይ ናቸው። በተያዘች ቁጥር ከልጆቹ ሁሉ አስበልጬ አጨበጭብ ነበር።

አንድ የሐምሌ ምሽት ጋሼ ኪዳነ ነገር ጨመሩ። «ስታዲየሙ አጠገብ ስንደርስ አንዲት እናት በጣሳ ውኃ ይዘው ቆመው ነበር፤ ፈርተውን ጣሳውን ከሩቅ ይዘረጉልን ነበር» አሉ።

ስታዲየም አባዬ ኳስ ሊያሳየኝ የወሰደኝ ቦታ ነው።

«ጋሼ፣ የጠላትም ከተማ ስታዲየም አላት?» አልኳቸው።

ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ሌላ ከተማ መስሎሽ ነበር እንዴ? እቺው አዲስ አበባ እኮ ናት፣ ልጄ!»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የታጠበ ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ የእማዬ ባልዲ፣ የቆርቆሮ አጥራችን። ግንብ የለም።

«እኛ ነበርን ጠላት?»

ልጆቹ ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «አይ፣ እናንተማ አይደላችሁም። ሕዝቡ አይደለም። ወታደሩ ነው።»

«ወታደሩስ የት ነበር?»

«ወታደሩማ ውስጥ ነበር» አለ ከጀርባዬ አባዬ። ራት ደርሷል ሊለኝ መጥቶ ጨለማው ውስጥ ቆሟል። አባዬ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ስለ ድሮው ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። «እኔም ነበርኩ፣ ኪዳነ። እናንተ ስትገቡ።»

ሁለቱ ሦስት ዓመት በአንድ በር ሲገቡና ሲወጡ፣ በዓልም አብረው ሲበሉ ኖረዋል። ጋሼ ኪዳነ መቆስቆሻውን እንደያዙ ቀሩ። «ወታደር ነበርክ?»

«አዛዣችን ጥሎን ጠፋ። ሲነጋጋ የታንካችሁን ድምፅ ስሰማ ልብሴን ቦይ ውስጥ ጥዬ በካናቴራና በሙታንታ ቀረሁ። ያገኘሁትን በር አንኳኳሁ። አንዲት ሴትዮ ከፈቱልኝ። ምንም ሳይጠይቁ የሞተ ልጃቸውን ሱሪ አውጥተው ሰጡኝ።» «ልጃቸው በእናንተ በኩል ይሙት በእኛ፣ አልጠየቅኳቸውም።»

በቆሎው ማረር ጀመረ። ማንም አላነሳውም።

«ያን ቀን ባገኝህ እተኩስብህ ነበር» አሉ ጋሼ ኪዳነ ቀስ ብለው።

«እኔም» አለ አባዬ። እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ።

ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋም ወሬ አልነበረም። ሁለቱ ሰላም ይባባላሉ፤ ግን ሳይቆሙ ይተላለፋሉ። እኔ ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ፤ ምኑ ላይ እንዳጠፋሁ ግን አላውቅም። ለማን ማዘን እንዳለብኝም አላውቅም ነበር። ጋሼ ኪዳነን እወዳቸዋለሁ፤ አባዬ አባቴ ነው።

ለእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ጋሼ ኪዳነ የእኛን በር አንኳኩ። አባዬ ሲወጣ፣ «ሱሪ የሰጡህን ሴትዮ ቤት ታስታውሰዋለህ?» አሉት።

«ሰፈሩን አስታውሳለሁ።»

አብረው ወጡ። የተመለሱት ወደ ማታ፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ነው። እማዬ ስትጠይቅ አባዬ፣ «አላገኘናቸውም። በሩ ሁሉ ተቀይሯል፤ ያንኳኳነው ቤት ሁሉ አያውቋቸውም» አላት። ጋሼ ኪዳነ ግን ወደ ክፍላቸው አልሄዱም። እኛ ቤት ተቀመጡ፤ ራትም በሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎማ ዋጋ አወሩ። ያን ማለዳ ዳግመኛ ሲያነሱት አልሰማሁም።

ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። አባዬ አርፏል፤ ጋሼ ኪዳነም ወደ አገራቸው ከገቡ ቆይተዋል። ከዚያ ሁሉ ወሬ የቀረኝ ድፍርስርስ ያለ ነገር ነው። ጋሼ ኪዳነ «የያዝን ጊዜ» ይሉ ነበር፤ አባዬ «የገቡ ጊዜ» ይል ነበር፤ እማዬ እስከ ዛሬ «ያ ጊዜ» ብላ ታልፈዋለች። እኔ የራሴ ቃል የለኝም። ባለፈው ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ «እማ፣ በዚያ ጦርነት እኛ አሸነፍን ወይስ ተሸነፍን?» ሲለኝ ቦርሳውን ከትከሻው አወረድኩለት።

«እኛ የት ነበርን ታዲያ?» አለኝ።

«እዚሁ» አልኩት።